ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት

እንግሊዞች ዳቦ በራሽን መግዛት የጀመሩት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው። በጦርነቱ ዘመን ሥጋው፣ ስኳሩና ቅቤው ሁሉ ሲመጠን ዳቦ አልተነካም ነበር። በ1946 ጁላይ ተራው ደረሰውና በኩፖን ሆነ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ ቢቢሲ አዲስ የሬዲዮ ጣቢያ ከፈተ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ክላሲካል ሙዚቃ፣ ግጥም፣ ድራማና ረጃጅም ንግግር የሚያሰማ ጣቢያ ነው። ስሙን «ሦስተኛው ፕሮግራም» አሉት። ቀኑ ሴፕቴምበር 29 ነበር፤ በእኛ መስከረም 19 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ የመስቀል ደመራ አመዱ ገና ሳይበተን መሆኑ ነው።

የዳቦ ኩፖን ለያዘ ሕዝብ የጀርመኑን አቀናባሪ የባክን ሙዚቃ ማቅረብ የድፍረት ነው ወይስ የጥጋብ? ለንደን ከገባሁ ጀምሮ የዚያ ጣቢያ ወራሽ የሆነውን ሬዲዮ 3ን ማታ ማታ እሰማለሁ፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ቀን ከቁጥርና ከደረሰኝ ጋር ስታገል የምውል ሰው ነኝ። ማታ ወጥ እየሠራሁ ሬዲዮ መክፈት የጀመርኩት ለዝምታው ማባረሪያ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት የተከፈተው በቀልድ ነው። ጸሐፊው እስቴፈን ፖተርና ተዋናይዋ ጆይስ ግሬንፌል «እንዴት እንደሚደመጥ» የሚል ሹፈት አቀረቡ፤ እንዴት እንደማይደመጥም ጭምር። ይህንን በጣም እወድላቸዋለሁ። ኮስታራ ሆኖ የተወለደ ጣቢያ በራሱ በመሳቅ ነው የጀመረው። ከዚያ በኋላ ሉሲል ዋላስ የባክን የጎልድበርግ ቫሪዬሽን ፒያኖ በሚመስለው የጥንት መሣሪያ፣ በሃርፕሲኮርድ ተጫወተች። አንድ ዜማ ሠላሳ ጊዜ ልብሱን እየለወጠ የሚመለስበት፣ ቸኩሎ ለሚሰማ ሰው የማይሆን ሥራ ነው። በኮንሰርቱ ደግሞ ቤንጃሚን ብሪተን ለዚሁ ምሽት ተብሎ የታዘዘ አዲስ ሙዚቃ ነበረው። ብሪተን ራሱ በኋላ ሥራውን ስላልወደደው ወደ ጎን ተወው።

ንግግሩን ያቀረበው ግን ማን መሰላችሁ? የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ጃን ስመትስ። የተናገረው ስለ ዓለም ሁኔታ ነው። እዚህ ላይ እንደ ኢትዮጵያዊ ትንሽ ቆም እላለሁ። በ1941 ጣሊያንን ከአገራችን ለማስወጣት ከተዋጉት መሐል የእርሱ ወታደሮች ነበሩበት፤ ውለታው ውለታ ነው። ሰውዬው በዚያው ጊዜ ጥቁርን ከነጭ በሕግ የለየች አገር መሪ ነበር። ከባክ ሙዚቃ ጋር በአንድ ምሽት ተቀምጦ ስለ ዓለም ሰላም ሲያወራ ያዳመጠው የለንደን ሰው ይህንን አስቦት ይሆን? የባህል ሬዲዮን ስናወድስ እንዲህ ያለውን ነገር አብረን ብንይዝ ይሻላል። ሙዚቃው የጠራ ስለ ሆነ ቤቱ ሁሉ የጠራ አይሆንም።

ጣቢያውን የጠነሰሰው የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ዊሊያም ሄሊ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንድ ሥራ የሚፈልገውን ጊዜ ያህል ይሰጠዋል፤ ሰዓት ደረሰ ተብሎ አይቆረጥም። ኦፔራው ሦስት ሰዓት ከወሰደ ሦስት ሰዓት ይሰማል። ዜና በየሰዓቱ እየገባ አያቋርጠውም። አድማጩም ሬዲዮኑን ከፍቶ ጓዳ ለጓዳ እንዲዞር ሳይሆን መርጦ፣ ተቀምጦ እንዲሰማ ይጠበቃል። እኔ እንግዲህ ሽንኩርት እያቁላላሁ የምሰማው ሰው፣ በሄሊ ዓይን ከፈተናው ወድቄአለሁ ማለት ነው።

ሞገዱ ደካማ ስለ ነበር በብዙ ቦታ በቅጡ አይሰማም ነበር። በ1947 ፌብሩዋሪ፣ በዚያ ክፉ ክረምት፣ ከሰል ሲጠፋና መብራት ሲቋረጥ ጣቢያው ለሁለት ሳምንት ያህል ጭራሽ ተዘጋ። ከዚያ ተመልሶ ተከፈተ።

ባለፈው ክረምት አንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ሰነበተ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጋሼ እንበለው። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ሬዲዮ በጆሮው ይዞ ያረጀ ሰው ነው። አንድ ማታ እራት በልተን ስንጨርስ የምሽቱ ኮንሰርት ተጀመረ፤ ሹበርት ለአምስት ባለ አውታር መሣሪያዎች የጻፈው ሙዚቃ። ሹበርት ይህንን ሥራ የጻፈው በ1828፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር። ሁለት ቼሎ ስላለበት ከሥር በኩል ጠቆር ይላል። አቅራቢዋ ስሙን፣ የተጻፈበትን ዓመትና ተጫዋቾቹን ነገረችንና ዝም አለች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ ደግሞ ምንም።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ ጋሼ።

«አልተበላሸም ጋሼ፤ ሊጀምሩ ነው።»

«እና ለምን አይናገሩም? ይህን ያህል ዝም ተብሎ በሬዲዮ!»

የአገራችንን ኤፍ ኤም ለለመደ ጆሮ እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ሁለት ሰከንድ ዝም ካለ ወይ መብራት ሄዷል ወይ ጋዜጠኛው ታሟል ማለት ነው፤ ክፍተቱ ሁሉ በማስታወቂያ፣ በሳቅ ወይም በደወል ድምፅ ይሞላል። እዚህ ግን ዝምታው የዝግጅቱ አካል ነው። አቅራቢው ተናግሮ ሲያበቃና ሙዚቃው ሲጀምር መሐል ላይ ያለችው ያቺ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ ታስቀምጣችኋለች፤ ያልተዘጋው በር፣ የፕሮግራም ወረቀቱ ኮሽታ፣ ቀስቱን የሚያነሳው ሰው የትንፋሽ ድምፅ ሁሉ ይሰማል።

ለጋሼ የ2004ቱን ታሪክ ነገርኩት። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የጆን ኬጅን ሥራ በለንደኑ ባርቢካን አዳራሽ አቀረበ፤ ተጫዋቾቹ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ አንድም ድምፅ የማያወጡበት ሥራ ነው። ሬዲዮ 3 በቀጥታ አስተላለፈው። ጣቢያው ላይ ግን ዝምታ ሲረዝም ችግር ተፈጥሯል ብሎ ሌላ ሙዚቃ የሚለቅ መሣሪያ አለ፤ ስለዚህ ለዚያ ምሽት መሣሪያውን አጥፍተው ነው የሠሩት። ጋሼ ከልቡ ሳቀ። «እኔም ያልጠፋሁ መሣሪያ ነኝ በለኛ!» አለ።

ኮንሰርቱ መሐል ላይ ዕረፍት አለው። አዳራሽ የገባው ሰው ወይን ለመግዛት ሲሰለፍ፣ ቤት ያለው አድማጭ ሃያ ደቂቃ ያህል ንግግር፣ ቃለ መጠይቅ ወይም ንባብ ይደርሰዋል። በየበጋው ከሮያል አልበርት አዳራሽ ለሳምንታት የሚተላለፉት ፕሮምስ የሚባሉት ኮንሰርቶችም እንዲሁ ናቸው። ሙዚቃና ንግግር በአንድ ምሽት መቀላቀላቸው ከከፍተኛ ፍልስፍና ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በከፊል ሰው መጸዳጃ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ድረስ አየሩን የሚሞላ ነገር ስላስፈለገ ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ከኮንሰርቱ ይልቅ የምጠብቀው ያንን የዕረፍት ንግግር ነው። ስለ ጨው ንግድ፣ ስለ አንድ የሞተ የደብዳቤ ጸሐፊ፣ ስለ ወፎች ጉዞ ይወራል። ራሴ ብመርጥ ኖሮ አንዱንም አልከፍትም ነበር።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ዛሬ የፈለግነውን ሙዚቃ በስልካችን ከፍተን እንሰማለን፤ መሣሪያው ደግሞ የወደድነውን አይቶ ያንኑ የሚመስል ያመጣልናል። ትዝታ ከሰማሁ ሌላ ትዝታ፣ ከዚያ ሌላ ትዝታ። ምሽቱን የሚያዘጋጅ ሰው ግን የእኔን ፍላጎት አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የለውም። ሹበርትን ከአንድ የአየርላንድ ገጣሚ አጠገብ ያስቀመጠው አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ የሚያወጡትን ስለሰማ ነው። የጠጅ ቤት አዝማሪ በማን ላይ መቼ ስንኝ እንደሚጥል እንደሚያውቀው ሁሉ፣ እርሱም ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚገባ ያውቃል። ሬዲዮ 3 ላይ ግጥምና ሙዚቃ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት ዝግጅት አለ። ተዋንያን ግጥሙን ያነባሉ፤ ሙዚቃው ይከተላል፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ሙዚቃው ማን እንደጻፈው አንድም ሰው አይነግራችሁም። ዝርዝሩን ካበቃ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ስም ሳልሰማ በፊት እንድወድ ወይም እንድጠላ መገደዴን ለመድኩት። ታዋቂ ገጣሚ ሲሰለቸኝ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ደግሞ ማንኪያዬን ሲያስጥለኝ አይቻለሁ።

በንግግር በኩል የድሮው ጣቢያ የሠራው ሥራ ዛሬም ያስቀናል። በ1948 ጃንዋሪ ፈላስፋው በርትራንድ ረስልና የካቶሊኩ ካህን ፍሬድሪክ ኮፕልስተን «እግዚአብሔር አለ ወይ?» በሚለው ላይ በዚሁ ጣቢያ ተከራከሩ። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያፈርሰው። በመጨረሻ አንዱም አልተረታም፤ ተሰነባብተው ወጡ። የዛሬውን የእኛን የቴሌቪዥን ክርክር ለሚያይ ሰው ይህ ራሱ ተአምር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ማርች 28 ደግሞ ፍሬድ ሆይል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለ ጽንፈ ዓለም አመጣጥ ተናገረ። እርሱ ራሱ ዓለም መጀመሪያ የላትም የሚል ሰው ነበር። የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ሲያስረዳ ግን «ታላቁ ፍንዳታ» አለው። ሐሳቡን የማይቀበለው ሰው ያወጣለት ስም እስከ ዛሬ የተማሪ ቤት መጽሐፍ ላይ አለ። አንድ ሊቅ ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀመር፣ በድምፁ ብቻ ለተራ ሰው ማስረዳት ስለነበረበት ነው ስሙ የተወለደው። ሬዲዮ ዓይን ስለሌለው ተናጋሪው ዓይን እንዲሆን ያስገድደዋል።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የዲላን ቶማስ ነው። ገጣሚው በአንዲት የዌልስ መንደር ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን የሚያስቃኝ የሬዲዮ ድራማ ለዓመታት ሲጽፍ ቆይቶ፣ በ1953 መገባደጃ ወደ አሜሪካ ሊበር ሲል የእጅ ጽሑፉን ለንደን ውስጥ ጣለው። አዘጋጁን ዳግላስ ክሌቨርደንን፣ ካገኘኸው ያንተ ነው ብሎት ሄደ። ክሌቨርደን በሶሆ ሠፈር ያሉትን መጠጥ ቤቶች አሰሰና ከአንዱ ውስጥ አገኘው። ቶማስ በኖቬምበር 9 ኒው ዮርክ ላይ ሞተ። ድራማው በሦስተኛው ፕሮግራም የተሰማው በ1954 ጃንዋሪ 25 ነው፤ ተራኪው ሪቻርድ በርተን ነበር። ክሌቨርደን ያንን ዕለት ደክሞት ቤቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ኮስታሮቹም ቢሆኑ ማሾፍ አልተዉም። በ1961 ጁን 5 ፒዮትር ዛክ የሚባል ወጣት የፖላንድ አቀናባሪ ሥራ ተብሎ አንድ ሙዚቃ ተሰማ። ዛክ የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም። ሃንስ ኬለርና ሱዛን ብራድሾ ስቱዲዮ ገብተው ያገኙትን ሁሉ እንዳሻቸው እየመቱ የቀዱት ነው። የጋዜጣ ሐያሲዎችም ሥራውን እንደ ማንኛውም ኮንሰርት ቆጥረው ጻፉበት። አልወደዱትም፤ ይህ ለእነርሱ መልካም ነው። ግን አንድም አልጠረጠረም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የሚያዳምጠው ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ሬዲዮ ያለው ሁሉ ነው፤ ሬዲዮ ለመያዝ የሚከፈለው የፈቃድ ክፍያ ልክ በ1946 ወደ አንድ ፓውንድ ከፍ ብሎ ነበር። የማንቸስተር ፋብሪካ ሠራተኛ ለማይሰማው ኦፔራ ለምን ይክፈል? ተናጋሪዎቹስ ለምን ሁሉም ከኦክስፎርድና ከኬምብሪጅ ይመጣሉ? ትክክለኛ ወቀሳ ነው። በ1957 ቢቢሲ የጣቢያውን ሰዓት ከሳምንት አርባ ገደማ ወደ ሃያ አራት ሲቀንስ ገጣሚውን ቲ. ኤስ. ኤሊየትንና አቀናባሪውን ቮን ዊሊያምስን የመሳሰሉ ሰዎች የደገፉት ማኅበር ተቋቁሞ ተከራከረ፤ አልተሳካለትም። በ1967 ደግሞ ሬዲዮ 3 በሚል ስም ውስጥ ገባ።

እኔ ወቀሳውን የምቀበለው እስከ ተናጋሪዎቹ ድረስ ነው፤ ስለ አድማጩ የሚባለውን ግን አልቀበልም። የፋብሪካ ሠራተኛው ባክ አይገባውም ያለው ማን ነው? ሠራተኛውን የናቀው ባክን የሚያሰማው ሬዲዮ ሳይሆን፣ ለእርሱ ዘፈን ብቻ ይበቃዋል ብሎ የወሰነለት ነው።

ይህን ስል ጋሼ ከእኔ ይበልጥ ምስክር ሆነ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲያስተርክ እርሱ ጎልማሳ ነበር። «ማን ነው ያልሰማው?» አለኝ። «ፊደል የማይለዩት እናቴ ጉዱ ካሳን ሲያዝኑለት፣ ፊታውራሪ መሸሻን ሲረግሙት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮን ያለው ቤት ይሰበሰባል። ወጋየሁ ዝም ሲል እኛም ዝም ነበር።» ከዚያ የራሱን ቃል ሰምቶ ፈገግ አለ። ለካ ዝምታ በሬዲዮ እርሱም ያውቀዋል።

ከሁለት ማታ በኋላ ከሾፓን ቀጥሎ አንድ ፒያኖ መጣ። አቅራቢዋ ስሙን ሳትናገር በፊት ጋሼ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ቅኝቱ የቤቱ ነዋ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበሩ። በካይሮ ቫዮሊን ያጠኑት፣ ግሸን ማርያም ገዳም የገቡት፣ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት እናታችን። ቢቢሲ በ2017 ስለ እርሳቸው የሬዲዮ ዘጋቢ ዝግጅት ሠርቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ስማቸው በደንብ ይታወቃል። ሥራቸውን ስልኬ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከሾፓን ቀጥሎ ስሰማቸው ግን የግራ እጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዳመጥኩት መሰለኝ። ከቅዳሴው ዜማ ባሻገር የአውሮፓን የፒያኖ ትምህርት የቀመሰ እጅ እንደሆነ ለየሁት። ያንን ጎረቤት ያስቀመጠላቸው ሰው ሐበሻ አይመስለኝም፤ እግዜር ይስጠው።

ያን ማታ ጋሼና እኔ አንድ ወረቀት አወጣንና የራሳችንን ምሽት መደልደል ጀመርን። በአማርኛ የሚተላለፍ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚጀምር፣ ማስታወቂያ የሌለው። መክፈቻው የአሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት» ይሁን ተባለ፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር በ1960ዎቹ ዋሽንትን ከኦርኬስትራ ጋር ያጋባበት ሥራ ነውና። ቀጥሎ ስለ አፋር ምድር መሰንጠቅ የሚናገር የሥነ ምድር መምህር፤ ግማሽ ሰዓት፣ ያለ ጠያቂ። ከዚያ የግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖ። ከዚያ ሁለት ግጥም፣ ገጣሚው ሳይጠቀስ። እዚህ ላይ ተጣላን። ጋሼ «ስም ሳይጠራ ግጥም ማንበብ ነውር ነው፤ ባለቤቱ ይከፋዋል» አለ። ተስማማን፤ ስሙ በመጨረሻ ይነገራል። ማሳረጊያው የአለሙ አጋ በገና፤ ሙሉ መዝሙር፣ እየሳሳ እንዲጠፋ ሳይደረግ። ጋሼ ከበገናው በፊት ከወጋየሁ ትረካ አንድ ምዕራፍ ካልገባ አልፈርምም ብሎ ስለነበር እሱም ገባ።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ መነጽሩን አወለቀ።

«ዜናውስ የት አለ?»

«ዜና የለውም ጋሼ፤ ሳይቋረጥ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው እኔ የሁለት ሰዓቱን ዜናዬን ቴሌቪዥን ላይ ሰምቼ እመለሳለሁ» አለ፤ «የመሬቱ ሰውዬ እስከዚያ ይጨርስ።»